ሕመምና ሐዘን ቤት ሲገባ፦ በጸሎት፣ በጠበልና በጠያቂ መጽናት

በሰሜን ሸዋ አንድ ሰው ታሞ ሲሰነብት ጠያቂው ሁሉ "የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ" ብሎ ይወጣል። ምርቃቱ መልካም ነው። ታማሚውና አስታማሚው ግን ጠያቂው ከሄደ በኋላ ያለውን ሌሊት፣ ነገ የሚዋጠውን ኪኒንና ያልታረሰውን ማሳ ይዘው ይቀራሉ። ይህን የጻፍነው ለእነሱ ነው። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ሕሙማንን ስንጠይቅ፣ ሐዘንተኛ ስናጽናና፣ እምነት ሰውን በምን በኩል እንደሚያቆመው፣ የት ላይ እንደሚሰናከልም ደጋግመን አይተናል። የሚጸናው ትንሽም ብትሆን የተቆረጠች ሥርዐት ያለችውና ብቻውን ያልተተወ ሰው ነው።

ሕመም ሲበረታ ቀድሞ የሚቋረጠው ጸሎት ነው። ይህ ከእምነት ማነስ አይመጣም። ሥቃዩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ራሱ ሐሳብን ይበትናል። ጤነኛ ሳለ ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም ሳያጓድል ያደርስ የነበረ ሰው ታሞም ያንኑ ልክ ልሙላ ይላል፤ ያቅተዋል፤ ከዚያ ሁሉንም ይተዋል። በሕመሙ ላይ "ጸሎቴን ተውኩ" የሚል ጸጸት ይደረብበታል። ስለዚህ መጠኑ ይቀነስ፣ ሰዓቱ ግን አይለቀቅ።

መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ሲከፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ይህ የጤነኛ ልክ ነው። የታመመ ሰው በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ከደረሰለት ብዙ ነው። እሱም ከከበደው ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ማታ አንድ መዝሙር ይበቃል። ማንበብ ካልቻለ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት፤ የእሱ ድርሻ ማዳመጥና "አሜን" ማለት ነው። መቆምና መስገድ አይጠበቅበትም፤ ተኝቶም ይጸለያል።

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህንና ሠርክን፣ ማለትም የጠዋቱንና የማታውን፣ መያዝ ለታማሚ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት የሚወሰድ ከሆነ ጸሎቱን ከዚያው ጋር ማሰር ይጠቅማል፤ ኪኒኑ ጸሎቱን፣ ጸሎቱም ኪኒኑን ያስታውሳል። እንቅልፍ ለሚነሳ ሕመም ደግሞ መቁጠሪያ በእጅ ይያዝ፤ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 41 ጊዜ ይባል፤ ሲያልቅ እንደገና ይጀመር። አባቶች 41ን ከጌታ 39 ግርፋት፣ ከእሾህ አክሊሉና ከጦር ውጋቱ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። ሥቃይ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያውቅ የሚቆጥረው ከራሱ ሥቃይ ጋር የሚገናኝ ይሆንለታል።

የትኛው መዝሙር ይነበብ ለሚለው፣ 22ኛው "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" እና 90ኛው "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" በየቤቱ ይታወቃሉ (በአንዳንድ እትም ቁጥሩ በአንድ ይጨምርና 23 እና 91 ይሆናል)። እኛ 12ኛውና 87ኛው እንዲጨመሩ አጥብቀን እንመክራለን። 12ኛው "አቤቱ፥ እስከ መቼ" ብሎ ይነሣል። 87ኛው ከዳር እስከ ዳር ጩኸት ነው፤ አንድም የመጽናኛ ቃል ሳይሰማበት በጨለማ ያበቃል። እነዚህን የማያውቅ ሕመምተኛ "ለምን እኔን?" ማለቱ ክህደት ይመስለውና አፉን ይዘጋል፤ ዝም ባለ ቁጥር ከእግዚአብሔርም ከሰውም ይርቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ጩኸት ጸሎት ብላ በየሳምንቱ ታደርሰዋለች። ጌታም በመስቀል ላይ "አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ" ያለው የ21ኛውን መዝሙር መጀመሪያ ነው።

የንስሐ አባትን በጊዜ መጥራት ሌላው ነው። ብዙ ቤት ካህን የሚጠራው ታማሚው ጣር ሲይዘው ነው። እንዲህ ስለለመድን ካህን ከደጅ ሲታዩ በሽተኛው "አበቃልኝ ማለት ነው" ብሎ ይደነግጣል። ሕመሙ ገና በታወቀበት ሳምንት ቢጠሩ ኖሮ መምጣታቸው የሳምንቱ ልማድ ይሆን ነበር። ቅዱስ ቀንዲልም (ሕመምተኛ ተጸልዮለት ዘይት የሚቀባበት) የሕሙማን ምሥጢር ነው፤ በያዕቆብ መልእክት 5፥14 "ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር" ይላል፤ ሊሞት የተቃረበ አይልም። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። በዚያ መካከል ሰዓቱ የማይታለፍ መድኃኒት ካለ ቀድሞ ለካህኑ መንገር ያሻል። ሳይነግሩ መድኃኒቱን መዝለልም፣ ሳይነግሩ ቁርባኑን መተውም ተገቢ አይደለም።

ስለ ጾምም በአጭሩ፦ እርጉዝ፣ የምታጠባ እናትና የታመመ ሰው በንስሐ አባት ፈቃድ ከጾሙ ይቀነስላቸዋል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት "ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልፈታም" የሚሉ እናቶች አሉ፤ ሐሳባቸው ንጹሕ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰደውን መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲውጡት ያስመልሳቸዋል፣ ከዚያ መድኃኒቱንም ይተውታል። ልጆቻቸው ከሚከራከሯቸው ይልቅ ካህኑን ይዘው ቢመጡ ይሻላል። "እማማ፣ ፈትቼዎታለሁ፤ በምትኩ ምጽዋት ይስጡ፣ ዳዊት ያስነብቡ" የሚለው ቃል ከካህኑ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

አሁን ስለ ጠበል እናንሣ፤ ሰው ብዙ የሚጠቀመውም ብዙ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

ምንጃር ያለው ሸንኮራ ዮሐንስ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል ያለችው ጻድቃኔ ማርያም፣ ደብረ ሊባኖስም በየዓመቱ ብዙ ሕመምተኛ ይቀበላሉ። የጠበል ቦታ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ከውኃው ጋር ብዙ ነገር ነው፦ ሌሊት ለኪዳን ጸሎት መነሣት፣ ቅዳሴ፣ እንደ እሱ የታመሙ ሰዎች ጉርብትና፣ እንደ በሽተኛ ብቻ አለመታየት። ይህን በረከት የሚያበላሸው ግን መድኃኒት አቁሞ መሄድ ነው። ጉዳቱ እንደየበሽታው ይለያያልና እንለየው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ እየተቋረጠ እየተቀጠለ ሲወሰድ ደግሞ መድኃኒቱን ይላመድና ያ መድኃኒት ከዚያ በኋላ ላይሠራ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። ታማሚው በሁለተኛው ወር ገደማ ሳሉ ቀንሶለት፣ ምግብም ተስማምቶት "ድኛለሁ" ይላል፤ በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ ግን አላለቀም። አቋርጦ ጠበል ቦታ ሲያድር በሽታው ለራሱም ይመለስበታል፣ በጠባብ ክፍል አብረውት የሚያድሩትንም ያስይዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተተወ መንቀጥቀጡ ሳያቋርጥ ሊመላለስና ሊገድል ይችላል፤ ከሁሉ ፈጥኖ አደጋ የሚያመጣው ይህ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ይገጥመዋል። አንዱ ኢንሱሊኑን ማቆም ነው፤ ስኳሩ ይወጣል፣ ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ይስታል። ሁለተኛው እንደ ወትሮው ተወግቶ ጠበል እስኪጠመቅ ድረስ ሳይበላ መቆየት ነው፤ ያኔ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። ይህን ሁኔታ ዙሪያው ያለ ሰው "መንፈሱ ጮኸ" ብሎ ይተረጉመውና መጠመቁ ይቀጥላል። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ መጀመሪያ የሚደረገው 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ምግብ ማብላት። ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። አብሮት የሚሄደው ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚታከምበት ቦታ ሄዶ ስንት ሱባኤ እንደሚቆይ ይንገር። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው፤ ለሁለት ሱባኤ የሚሄድ የ14 ቀን መድኃኒትና የአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዝ፤ መኪና ሊጠፋ፣ ዝናብ መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ስኳር ያለበት የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክልለት። መድኃኒቱ ከእርጥብ ልብስ ጋር እንዳይቀመጥ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን። የሕክምና ካርዱም አይረሳ። መጠጫ ኩባያ የየራስ ይሁን፤ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ በአንድ ጣሳ መቀባበል ተቅማጥ ያዛምታል። በደጋው፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ አቅመ ደካማና ሕፃን ሲጠመቅ ደረቅ ልብስና ጋቢ ወዲያው አጠገቡ ይገኝ፤ ከዚያ ትኩስ ነገር ይጠጣ። አእምሮውን የታመመን ሰው ለቀናት አስሮ ማቆየት ቁስል ያወጣበታል፣ በሽታውንም አይቀንስም። እሱ የሚጠመቀው ከአእምሮ ሕክምናው ጋር ነው።

"ጠበልና መድኃኒት አይጣላም ወይ?" የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፏል። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ጣል የሚል ባሕታዊ ነኝ ባይ ቢገጥማችሁ፣ ልብሱም ሆነ ንግግሩ አያስደንግጣችሁ፤ ለቦታው አስተዳዳሪ ንገሩ።

ጠበል ተጠምቆ፣ ታክሞም ያልዳነ ሰው አለ። ለዚህ ሰው የሚከፋው ሕመሙ ሳይሆን "እምነት ቢኖረው ይድን ነበር" የሚለው ሹክሹክታ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተመለሰለት "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነበር፤ መውጊያው ተነሣለት የሚል አልተጻፈም። የጳውሎስን እምነት በዚህ የሚለካ የለም። የአጥቢያችሁንም በሽተኛ በዚህ አትለኩት። ከዚሁ ጋር፣ በጭንቀት ሰዓት የሚሳል ስእለት በአቅም ይሁን። በሬ ስሎ በሬ ያጣ ገበሬ መጀመሪያ ከሕመሙ፣ ቀጥሎ ከዕዳው ጋር ይታገላል። ከአቅም በላይ የሆነ ስእለት የተሳለም ካለ ተሸማቆ ከቤተ ክርስቲያን ከሚርቅ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ጠያቂዎችም ከኢዮብ ወዳጆች የምንማረው ሁለት ነገር አለ። በመጀመሪያ 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ይህ ደግ ሥራቸው ነው። አፋቸውን ከፍተው "ኃጢአት ሠርተህ ነው" ማለት ሲጀምሩ ግን ተሳሳቱ፣ በመጨረሻም እግዚአብሔር ገሠጻቸው። ጌታም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ "እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም" ብሏል። ታማሚ ቤት ገብቶ የበሽታውን ምክንያት መፈለግ የጠያቂ ሥራ አይደለም። "የእገሌም እንዲሁ ጀምሮት ነበር" የሚል ወሬም ውጭ ይቅር። "እግዜር ይማርህ" ብሎ ሩብ ሰዓት መቀመጥ፣ ከዚያ ተነሥቶ ውኃ መቅዳት፣ ኩበት ማስገባት፣ አንሶላ ማጠብ፣ ወይም አስታማሚዋን "እቴቴ፣ አንቺ እስኪ ሁለት ሰዓት ተኚ" ማለት ከረጅም ስብከት ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እኛ አካባቢ እርሻ በማይያዝባቸው በዓላት፣ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ27 በመድኃኔዓለም፣ ጠያቂው ቤቱን ይሞላል። በሥራ ቀን ግን ማንም የለም። ስለዚህ የጽዋ ማኅበሩ ወይም ሰንበቴው ተራ ያውጣ፤ ማክሰኞ የማን፣ ሐሙስ የማን እንደሆነ ይታወቅ። አባወራው በሰኔና በሐምሌ ከታመመ እርሻው፣ በኅዳር ከታመመ አጨዳው ደቦ ይጠራለት። ማሳው ጦም ያደረ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ማሳው ሲያስብ ሕመሙ ይብስበታል። "ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም" የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሞት ሲመጣ ደግሞ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የሟቹ የክርስትና ስም ነው። ፍትሐቱም፣ በየዕለቱ የሚደርሰው ጸሎትም የሚደረገው በዚያ ስም ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ግን ልጆቹ ሳያውቁት ይገኛሉ። የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም ዛሬውኑ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማስቀመጥ ነው።

ሐዘንተኛን "አታልቅስ፣ ክርስቲያን አይደለህም?" የሚሉ አሉ። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ቅዱስ ጳውሎስም የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሆኖ ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሐዘኑን በቀናት ከፍላ ታስኬደዋለች፦ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በቀናቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ከሠላሳ እስከ አርባ ካለው በቀር፣ እየሰፋ ይሄዳል። ሐዘንተኛው በእያንዳንዱ ቀን የሚሠራው ነገር፣ የሚሄድበት ቦታ፣ ስሙን ጠርቶ የሚጸልይለት ሰው አለው። ይህን ያህል የሚጠቅም ሥርዐት የሚከብደው ድግሱ ሲጫነው ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚያስፈልገው ጸሎቱና ቅዳሴው፣ ለመገበርያ የሚሆን ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍና ለድኃ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ሠፈር ሁሉ ጠርቶ ማብላት የባህል ነው። ለአርባ ተዝካር ተበድሮ፣ የእርሻ በሬ ሽጦ፣ በቀጣዩ ክረምት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ቤት ብዙ አይተናል፤ ሐዘን የነበረው ችግር ይሆናል። ለቤቱ የሚበጀው ከዐሥራ ሁለተኛው ቀን በፊት የንስሐ አባትና የእድሩ ሽማግሌ ባሉበት ልኩን መቁረጥ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን "አልደግስም" ለማለት አፍራ ትበደራለች፤ ሽማግሌው ቀድሞ "እንዲህ ይበቃል" ሲላት ግን ታርፋለች።

አርባ ካለፈ በኋላ ጠያቂ ይቀራል፤ ሐዘኑ የሚጠናው ያኔ ነው። እስከ ሰማንያው ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ይመደቡ። ሟቹን በስሙ ያንሡት፤ ስሙን መሸሽ ሐዘንተኛውን ያገልለዋል።

ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖች መከራቸው ሌላ ዓይነት ነው። እድሩም፣ የንስሐ አባቱም፣ የዘመዱ መቃብርም እዚያው ቀርቷል። ለእነዚህ ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚጠቅመው በቅርባቸው ያለው አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ እንዲመዘግባቸውና አዲስ የንስሐ አባት እንዲሰጣቸው ማድረግ ነው። ያለ ፍትሐት የተቀበሩ ዘመዶቻቸውን የክርስትና ስም ይዘው ካህኑን ያነጋግሩ፤ በስማቸው ጸሎት ይደርሳል። የአጥቢያው ሰው በበኩሉ እርዳታ ሲሰጥ በቅዳሴና በማኅበሩም ቦታ ይስጣቸው፤ ጽዋውን ተራቸው ሲደርስ እነሱም ያንሡ፤ ዳቦ ብቻ እንኳ ይዘው ቢመጡ።

"ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሰው ሲያጋጥም "ኧረ በስመ አብ፣ ኃጢአት ነው!" ብሎ ማፈን አይጠቅምም። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ "ነፍሴን ውሰድ" ሲል እግዚአብሔር መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ አስተኛው፣ እንደገና አበላው፤ ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ቅደም ተከተሉን ያዙ። ምግብና እንቅልፉን ጠይቁ። "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ እንዲያውም ሸክሙን ያራግፍለታል። የተባይ ማጥፊያውን፣ ገመዱን፣ የተጠራቀመውን ኪኒን ከቤት አውጡ። ሌሊቱን አንድ ሰው አብሮት ይደር። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከተቻለ የንስሐ አባቱም አብረው ይሂዱ፤ ካህኑ ከጎኑ ሲቀመጡ ሕክምናው የእምነት ማነስ ምልክት እንዳልሆነ ያምናል። የሚሰጠው መድኃኒት ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በሦስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ እንዳይተወው ያ አብሮት ያደረው ሰው ይከታተለው።